ካሜራው ሲዞር ሜዳው ሊጥ ይሆናል፤ በ3 ሜጋቢት አፕሎድ የጌም ውድድር እንዴት ላይቭ እናስተላልፍ?

የማርቆስ_ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ጎበዝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ደብረ ማርቆስ ላይ ከጓደኛዬ ጋር የፕሌይስቴሽን ቤት አለን። ለዳግም ትንሣኤ እሁድ 32 ልጆች የሚሳተፉበት የእግር ኳስ ጌም ውድድር እያዘጋጀን ነው። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ከ20 ሰው በላይ አይዝም። ከቡሬ፣ ከደጀን፣ ከቢቸና የሚመጡ ተጫዋቾች አሉ። የሰፈራቸው ልጆች በስልካቸው ማየት ይፈልጋሉ። ስለዚህ በዩቲዩብ ላይቭ ልናስተላልፍ ነው።

ያለን ዕቃ ይኼ ነው። አንድ ፒኤስ4። አንድ ርካሽ የዩኤስቢ ካፕቸር ካርድ (የፒኤስ4ን ምስል ወደ ላፕቶፕ የሚያስገባ)። አንድ ላፕቶፕ፣ ኮር አይ5 ስምንተኛ ትውልድ፣ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የሌለው። ኦቢኤስ የሚባለውን የላይቭ ማስተላለፊያ ፕሮግራም ጭኜበታለሁ። አፕሎዳችን ቀን ቀን 4 ሜጋቢት ይደርሳል። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ወደ 3 ይወርዳል፤ አንዳንዴም ከዚያ በታች።

ትናንት ሞከርኩት። 1080፣ 60 ፍሬም፣ 3000 ቢትሬት (በሰከንድ 3000 ኪሎቢት)። ኳሱ መሀል ሜዳ ላይ ሲንሸራሸር ምስሉ ደስ ይላል። ረጅም ኳስ ተመትቶ ካሜራው ሲከተል ግን ሜዳው ሊጥ ይሆናል። የሳሩ መስመር ይጠፋል። የተጫዋቾቹ እግር ከሳሩ ጋር ይቀላቀላል። ከኋላ ያለው ተመልካች አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ይሰባበራል። በማዕዘን ምት ጊዜ ኳሷን ራሷን አጣኋት።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። በዚህች ኔትወርክ የትኛው የቪዲዮ መጭመቂያ ዘዴ (ኮዴክ) እና የትኛው ሴቲንግ ነው የተሻለ ምስል የሚሰጠኝ? ደግሞስ «የተሻለ» የሚባለው በምን ይለካል? በዓይኔ ሳየው አንዴ ይኼኛው፣ አንዴ ያኛው ይሻለኛል።

ቡሬ_ጌመር (ቡሬ)

ወንድሜ፣ ኤቪ1 የሚባለውን ኮዴክ ተጠቀም። አሁን ላይ በትንሽ ቢትሬት ጥሩ ምስል የሚሰጠው እሱ ነው። ዩቲዩብም ይቀበለዋል፤ ኦቢኤስ ከ2023 ጀምሮ በ29.1 ቨርዥኑ አስገብቶታል።

የማርቆስ_ልጅ

አመሰግናለሁ ቡሬ። ግን ኦቢኤስ ላይ ኤቪ1 ስመርጥ ያለኝ በሶፍትዌር የሚሠራው ብቻ ነው። ስጀምረው ላፕቶፑ ተንተከተከ፤ ምስሉም በየሰከንዱ ይቆማል።

ጣና_ዳር (ባሕር ዳር)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ባሕር ዳር ነኝ። የማስተርስ ሥራዬ ቪዲዮ መጭመቅ ላይ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

ቡሬ ያለው ስለ ኮዴኩ እውነት ነው። ግን ኮዴክና ኢንኮደር ሁለት ነገር ናቸው። ኤች.264፣ ኤችኢቪሲ፣ ኤቪ1 የሚባሉት ቋንቋዎች ናቸው። ኤች.264 በ2003 ወጣ፣ ኤችኢቪሲ በ2013፣ ኤቪ1 በ2018። ኢንኮደር ደግሞ ቋንቋውን የሚናገረው ሰው ነው። አንድ ቋንቋ የሚያምረው እንደ ተናጋሪው ነው። ኤችኢቪሲ ከኤች.264 በግማሽ ቢትሬት ተመሳሳይ ጥራት እንዲሰጥ ታስቦ ነው የተሠራው። ያ ግማሽ የሚገኘው ግን ኢንኮደሩ ለእያንዳንዱ ፍሬም ረጅም ጊዜ ወስዶ ሲያስብ ነው። ላይቭ ላይ ያ ጊዜ የለም። በ30 ፍሬም ለአንዱ ያለው 33 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። ላይቭ ላይ ኤቪ1ን በቀላሉ የሚሠራው በሃርድዌር ሲሆን ነው፤ ያ ደግሞ በ2022 በወጡት ግራፊክስ ካርዶች ነው የጀመረው። የማርቆስ ልጅ ላፕቶፕ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው።

አሁን ወደ ሊጡ ልምጣ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 1920 በ1080፣ በሰከንድ 60 ፍሬም፣ 124 ሚሊዮን ፒክስል በሰከንድ ይሆናል። ሳይጨመቅ ወደ 1.5 ጊጋቢት ነው። አንተ ያለህ 3 ሜጋቢት ነው። ማለት 500 ኩንታል ጤፍ በአንድ ኩንታል ጆንያ ክተት ተብሎ ነው ኢንኮደሩ የታዘዘው። ለአንድ ፒክስል የሚደርሰው 0.024 ቢት ነው። ወደ 720 በ30 ፍሬም ብትወርድና 2500 ብትሰጠው ለአንዱ ፒክስል 0.09 ቢት ይደርሰዋል። ወደ አራት እጥፍ ማለት ነው፤ ያውም ትንሽ ቢትሬት አውጥተህ። ምንም ኮዴክ ብትቀይር እንዲህ ያለ ልዩነት አታገኝም።

ሳሩ ለምን ቀድሞ ተበላሸ? ኢንኮደር የሚቆጥበው «ይህ ቁራጭ ባለፈው ፍሬም እዚያ ጋ ነበር፤ አሁን እዚህ መጣ» በማለት ነው። ካሜራው ቆሞ ሜዳው ካልተንቀሳቀሰ ወጪ የለም። ካሜራው ሲዞር ሙሉው ሜዳ ይንቀሳቀሳል። ሳር ደግሞ ጥቃቅን ነው፤ ትንሽ ሲዛነፍ አይገጥምም። ከዚያ ቢቱ ያልቅና ኢንኮደሩ ጥቃቅኑን ነገር ጥሎ አረንጓዴ ቀለም ብቻ ያስቀራል። ልብ ብለህ ብታይ ሳሩ በየሁለት ሰከንዱ ይተነፍሳል። ይደበዝዛል፣ በድንገት ይጠራል፣ ደግሞ ይደበዝዛል። ያ የኪ ፍሬሙ ሰዓት ነው፤ ካለፈው ሳይተነበይ ሙሉ ምስል የሚላክበት ፍሬም ማለት ነው።

የማርቆስ_ልጅ

እህቴ፣ ውነትሽን ነው! አሁን የትናንቱን ቪዲዮ ከፍቼ አየሁት። በየሁለት ሰከንዱ ይተነፍሳል። ስንት ጊዜ አይቼው ሳላስተውለው ቀርቻለሁ።

ጋሼ_ራዲዮ (ፍኖተ ሰላም)

ልጆች፣ እኔ ፍኖተ ሰላም ላይ ቴሌቪዥንና ራዲዮ ስጠግን ነው የኖርኩ። ስለ ኮዴኩ ልጄ ከጣና ዳር ጥሩ አስረድታለች። እኔ ስለ ካፕቸር ካርዱ ልናገር።

የርካሹ ካርድ ሣጥን ላይ 4ኬ ይላል። ያ የሚቀበለው ነው፤ የሚያወጣው አይደለም። ብዙዎቹ በዩኤስቢ 2.0 ነው የሚሠሩ። ዩኤስቢ 2.0 በወረቀት 480 ሜጋቢት ነው፤ በተግባር ከዚያ ያንሳል። 1080 በ30 ፍሬም ሳይጨመቅ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። አያልፍም። ስለዚህ ካርዱ ራሱ ኤምጄፔግ አድርጎ ይጨምቀዋል፤ እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው እንደ ፎቶ። ማለት ኦቢኤስ ጋ ሲደርስ ምስሉ አንዴ ተጎድቷል። ስድሳ ፍሬም ያልኸውንም ካርዱ በውነት ይሰጥ እንደሆነ ተመልከት። ካርድህ 30 ብቻ ከሰጠ፣ ኦቢኤስ እያንዳንዱን ሁለቴ እየደገመ ነው 60 የሚያደርገው።

ምክሬ፣ ከካርዱ 1080 ተቀበል፣ ኦቢኤስ ላይ ወደ 720 አውርደው። ማሳነሻውን ላንቾስ አድርገው። ሲያንስ የኤምጄፔጉ ቁስል ይሸፈናል። ፒኤስ4 ላይ ኤችዲሲፒ የሚለውን (ምስሉ እንዳይቀዳ የሚከለክለውን) ማጥፋት አትርሳ፤ አለዚያ ጥቁር ነው የምታየው።

ሌላም። የራውተርህን ቻርጀር ገልብጠህ አንብብ። 12 ቮልት ካለ ከ12 ቮልት ባትሪ ይሠራል። መብራት ሲሄድ ኔትወርኩ አብሮ እንዳይሄድ። ፕላስና ማይነሱን ግን ተጠንቅቀህ ለካ።

የማርቆስ_ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉት ካርዱ 30 ብቻ ነው የሚሰጠው። ያን ሁሉ ጊዜ 60 ፍሬም ነው የምልከው ብዬ አንዱን ምስል ሁለቴ ስልክ ነበር።

እንጅባራ_10 (እንጅባራ)

ይቅርታ፣ እኔ ግን በ30 ፍሬም አልስማማም። እግር ኳስ ጌም በ30 ሲታይ ኳሱ እየዘለለ ነው የሚሄደው። ተጫዋች የሆነ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ድሪብል የሚያደርግ ልጅ እግሩ አይታይም። ከጓደኛ የተሻለ ካርድ ተዋሱና 720 በ60 አድርጉት።

ጣና_ዳር

እንጅባራ፣ ያልከው ቁም ነገር አለው። 60 ፍሬም እንቅስቃሴውን ያለሰልሳል። ግን በ2500 ቢትሬት 720 በ60 ለፒክስል 0.045 ቢት ነው የሚደርሰው። ግማሹን ቀነስክ። በተግባር ሙሉ በሙሉ ግማሽ አይጎዳም፤ 60 ፍሬም ሲሆን ተከታታዮቹ ይበልጥ ስለሚመሳሰሉ ለመተንበይ ይቀላሉ። ቢሆንም ረጅም ኳስ ላይ ይጎዳል። የትኛው ይሻላል የሚለውን እኔ ከዚህ ሆኜ አልወስንላችሁም። ልኩት።

አለካኩ እንዲህ ነው። ከጨዋታችሁ 30 ሰከንድ ቁረጡ። ጎል የገባበት ሳይሆን አስቸጋሪው ይሁን፦ ረጅም ኳስ፣ ማዕዘን ምት፣ ተመልካቹ የሚታይበት። ኦቢኤስ ላይ ጥራቱን ጣሪያ አድርሳችሁ ቅዱት። እሱ ዋናው ነው። ከዚያ ያንኑ ቪዲዮ በ1000፣ በ1500፣ በ2000፣ በ2500፣ በ3000 ጨምቁት። በኤክስ264 (የኤች.264 ሶፍትዌር ኢንኮደር) በቬሪፋስት ፍጥነት አንድ ጊዜ፣ በፋስት አንድ ጊዜ፣ በሚዲየም አንድ ጊዜ፣ ላፕቶፑ ባለው የሃርድዌር ኢንኮደር በክዊክ ሲንክ አንድ ጊዜ። ለሁሉም ኪ ፍሬም 2 ሰከንድ፣ ለሁሉም ሲቢአር (የማይለዋወጥ ቢትሬት)፣ ለሁሉም እኩል ባፈር (ቢትሬቱ ለአፍታ ከፍ ዝቅ እንዲል የሚፈቀድለት ቦታ)። ይኼ ካልተስተካከለ ውድድሩ ፍትሐዊ አይደለም። ብዙ ሰው ኢንተርኔት ላይ የሚያሳያችሁ ንጽጽር በሲአርኤፍ የተሠራ ነው። ሲአርኤፍ ሲያስፈልገው እንደ ልቡ ቢት ይወስዳል። የእናንተ አፕሎድ ግን እንደ ልብ አይደለም።

ውጤቱን በኤፍኤፍኤምፔግ (የቪዲዮ መሥሪያ ፕሮግራም) ውስጥ ባለው ቪማፍ ለኩት። ኔትፍሊክስ በ2016 በነፃ የለቀቀው መለኪያ ነው። ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጣል። የድሮው ፒኤስኤንአር የፒክስሉን ስህተት ብቻ ነው የሚደምረው። ለእሱ የሳሩ ስህተትና የኳሷ ስህተት እኩል ናቸው። ቪማፍ ሰዎች አይተው በሰጡት ነጥብ የሰለጠነ ስለሆነ ለዓይን ይቀርባል። የሰለጠነው በፊልምና በቴሌቪዥን ፕሮግራም ስለነበር ለጌም ይሆናል ወይ ብለው የጠየቁ አሉ። በ2018 ተመራማሪዎች ከ12 ጌሞች 24 ቪዲዮ አዘጋጅተው ከሰው ፍርድ ጋር ሲያመሳክሩ፣ ካወዳደሯቸው መለኪያዎች ከሰው ዓይን ጋር ይበልጥ የተስማማው ቪማፍ ሆኖ ተገኘ። የእግር ኳስ ጌምም ከመካከላቸው ነበረ።

ከዚያ ግራፍ ሥሩ። አግድሙ ቢትሬት፣ ቁመቱ ነጥብ። ለእያንዳንዱ ኢንኮደር አንድ መስመር ይወጣል። «በ2000 የቱ በለጠ» ብቻ አትበሉ። «ለተመሳሳይ ነጥብ የቱ ስንት ቢት ቆጠበ» በሉ። ቅልጥፍና የሚባለው ይኼ ነው። ቢዮንቴጎር የሚባል ኖርዌያዊ በ2001 ይህን ወደ አንድ ቁጥር የሚያመጣ ስሌት አቀረበ፤ ቢዲ ሬት ይሉታል። እስከ ዛሬ ሁሉም የሚጠቀመው እሱን ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አማካዩን ብቻ አትዩ። 25 ሰከንድ ያማረ፣ 5 ሰከንድ ሊጥ የሆነ ቪዲዮ አማካዩ ጥሩ ይመስላል። ሰው የሚያስታውሰው ግን አምስቷን ሰከንድ ነው፤ ጎሉ የገባው ያኔ ነዋ። የእያንዳንዱን ፍሬም ነጥብ አውጥታችሁ ዝቅተኞቹን እዩ። ሁለተኛ፣ ቪማፍ 30ና 60 ፍሬምን አያዳኝም። እሱን ሰው ነው የሚዳኘው።

ቡሬ_ጌመር

እህቴ፣ ስለ መዘግየቱስ? ቢ ፍሬምና ሉክአሄድ (ኢንኮደሩ ቀጣዮቹን ፍሬሞች ቀድሞ የሚያይባቸውን) ካበራን ላይቩ አይዘገይም?

ጣና_ዳር

ይዘገያል፤ ግን ከአንድ ሁለት ሰከንድ አያልፍም። ዩቲዩብ ራሱ ከዚያ በላይ ያዘገያል። ጌሙን በኢንተርኔት እየተጫወትክ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዷ ሚሊ ሰከንድ ትቆጠር ነበር። እዚህ ተጫዋቹ ቴሌቪዥኑ ፊት ነው ያለው። አብሩት።

የማርቆስ_ልጅ

ጎበዝ፣ አራት ቀን ጠፋሁ። ስለካ ነበር።

መጀመሪያ የተረዳሁት፣ ከቬሪፋስት ወደ ፋስት ስሄድ መስመሩ በግልጽ ከፍ ይላል። ከፋስት ወደ ሚዲየም ግን ትንሽ ነው። ሚዲየም ለመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃ ሠራልኝ። ከዚያ ላፕቶፑ ጋለና ኦቢኤስ ፍሬም መዝለል ጀመረ። ግራፉ ይህን አያሳይም። 30 ሰከንድ ስትጨምቅ ላፕቶፑ ገና ቀዝቃዛ ነው። የእኛ ውድድር ስድስት ሰዓት ይፈጃል።

ሁለተኛ፣ በክዊክ ሲንክ ኤችኢቪሲን ሞከርኩ። በ1500 እና በ2000 ላይ ከኤክስ264 ሚዲየም ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ላፕቶፑ ግን አይሞቅም። ወደ 3000 ስጠጋ መስመሮቹ ሁሉ ተገናኙ ማለት ይቻላል። ለእኛ የሚጠቅመው የታችኛው ጫፍ ስለሆነ እሱን ያዝኩ።

ሦስተኛው ነው ያስደነቀኝ። ጌሙ ውስጥ ገብቼ ዝናቡን አጠፋሁ። ካሜራውን ራቅ ከፍ ወዳለው ቀየርኩ። ካሜራው ሲርቅ አዟዟሩ ይረጋጋል። ያንኑ ኢንኮደር፣ ያንኑ 2000 ተጠቅሜ ስለካው ዝቅተኛዎቹ ፍሬሞች ኮዴክ ከመቀየር ይልቅ በዚህ ተሻሻሉ። ዝናብ ለኢንኮደር ጠላት ነው። እያንዳንዷ ጠብታ አዲስ ናት፤ ካለፈው ፍሬም አትገኝም።

30ና 60ን ደግሞ በሰው ዳኘሁት። ጓደኛዬ የተሻለ ካርድ አዋሰኝ። ሁለቱንም በ2500 አድርጌ «ሀ» እና «ለ» ብዬ ብቻ ስም ሰጠኋቸው። የሰፈር ልጆችን አንድ በአንድ ጠርቼ በስልክ አሳየሁ። የቱ የቱ እንደሆነ አልነገርኳቸውም። አብዛኞቹ 30 የሆነውን መረጡ፤ «ኳሱ ይታያል» ብለው። በደንብ የሚጫወቱት ሁለቱ ግን ሳያመነቱ 60 አሉ። እንጅባራ፣ ያልከው ልክ ነው፤ ለተጫዋች ዓይን 60 ይበልጣል። ላይቩን የሚያየው ግን አብዛኛው ተጫዋች አይደለም።

እንጅባራ_10

እሺ፣ ሞክረህ ስለሆነ ተቀብያለሁ። ስም ደብቀህ ማሳየትህ ጥሩ ነው። አፕሎድ ሲሻሻል ግን 60 ይቅደም።

ሞጣ_ተመልካች (ሞጣ)

ሰላም። እኔ ላይቭ አስተላልፌ አላውቅም፤ አያለሁ ብቻ። ከተመልካች ወገን አንድ ነገር ልበል። እዚህ ብዙዎቻችን በ360 ነው የምናየው፤ ዳታ ይበላል። ጎሉን ማየት አንቸገርም። የምንቸገረው ውጤቱን ማንበብ ነው። ማን ከማን እንደሚጫወት ስሙ አይነበብም። ባለፈው ያየሁት ላይቭ አንዱ ቡድን ቀይ ለብሶ ነበር፤ ከሳሩ ላይ ቀዩ እየፈሰሰ ነው የሚታየው።

ጣና_ዳር

ሞጣ፣ ይኼ ዋና ነገር ነው። ቀዩ የሚፈሰው በምክንያት ነው። ላይቭ ቪዲዮ አብዛኛውን ጊዜ 4፡2፡0 ነው። ብርሃኑ ለእያንዳንዱ ፒክስል ይቀመጣል፤ ቀለሙ ግን ለአራት ፒክስል አንድ ብቻ ነው። ቀይና አረንጓዴ በቀለም እንጂ በብርሃን ብዙ አይለያዩም። ስለዚህ ጠርዛቸው ይቀላቀላል። ነጭና ጥቁር ግን በብርሃን ስለሚለያዩ ጠርዛቸው ይጠብቃል። የማርቆስ ልጅ፣ ተጫዋቾቹ ማልያ ሲመርጡ አንዱ ነጣ ያለ፣ አንዱ ጠቆር ያለ ይሁን። ውጤቱን ደግሞ ራስህ ኦቢኤስ ላይ በትልቁ ጻፈው፣ ነጭ ፊደል በጥቁር መደብ። ቆሞ የሚቆይ ጽሑፍ ለኢንኮደር ምንም ወጪ የለውም ማለት ይቻላል።

ዩቲዩብ የላክኸውን ሁሉ መልሶ ይጨምቀዋል። ስለዚህ የተመልካቹ ስልክ ኤችኢቪሲ ባይከፍትም ችግር የለም። ግን ሊጥ ከላክህለት ሊጡን ነው የሚጨምቀው። 360 ላይ የሚያየውም ሰው ይጎዳል።

የማርቆስ_ልጅ

ውድድሩ አለቀ። ዋንጫውን የቢቸናው ልጅ ወሰደ፣ በመለያ ምት።

ያስተላለፍነው በ720፣ 30 ፍሬም፣ ኤችኢቪሲ በክዊክ ሲንክ፣ 2000 ቢትሬት ነው። ሰዓቱን 900 ሜጋባይት ያህል ነው የበላው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን አፕሎዱ እንደፈራነው ወረደ። በጨዋታዎቹ መሀል ስትሪሙን አቁሜ በ1500 ቀጠልኩ። ልዩነቱን የጻፈልን ተመልካች የለም።

ግማሽ ፍጻሜ ላይ መብራት ሄደ። ጋሼ፣ ራውተሩ በባትሪው አልጠፋም፤ ላፕቶፑም በራሱ ባትሪ ቆየ። ፒኤስ4ቱ ግን ጠፋ። ላይቩ ስላልተቋረጠ የላፕቶፑን ካሜራ ከፍቼ ልጆቹን አሳየሁ። በሻማ ተቀምጠው ስለ መጀመሪያው ጎል ሲከራከሩ፣ ተመልካቾቹም ከታች እየጻፉ አብረው ይከራከሩ ነበር። ጄኔሬተር ከጎረቤት እስኪመጣ 40 ደቂቃ ፈጀ። ጨዋታው እንደገና ከዜሮ ተጀመረ፤ ሁለቱም ተስማሙ።

ያልተሳካው፣ የመልስ ምስል ነው። ጎል ከገባ በኋላ ጌሙ ቅርብ ካሜራ ያሳያል። ያኔ ፊቱ፣ መረቡ፣ ተመልካቹ ሁሉ ባንዴ ይቀየራል። ለግማሽ ሰከንድ ያህል እንደ ድሮው ይሰባበራል። ዝለሉት ብላቸው ልጆቹ እሺ አይሉም፤ ጎላቸውን ማየት ይፈልጋሉ።

ጋሼ_ራዲዮ

ተመስገን። ለሚቀጥለው ለቴሌቪዥኑና ለፒኤስ4ቱ ኢንቨርተር እንፈልግ። ስንት ዋት እንደሚበሉ ከጀርባቸው አንብበህ ላክልኝ።

ጣና_ዳር

እንኳን ደስ አላችሁ። መረቡ ላይ የሚሆነው ኢንኮደሩ የትዕይንት ለውጥ ሲገጥመው ነው። ሙሉ ፍሬም ባንዴ መላክ አለበት፤ ባፈሩ ግን ጠባብ ነው። አሁን ባፈርህ ስንት ነው? ቢትሬቱን ሳትነካ እሱን ብቻ ወደ ሁለት ሰከንድ አስፍተህ ያንን የጎል ቁራጭ እንደገና ልካው። የዋናውን ቪዲዮ 30 ሰከንድም ብትልክልኝ እኔም እዚህ በሌላ ማሽን አብሬ እለካዋለሁ።

የማርቆስ_ልጅ

ባፈሩ 2000 ነው፣ ከቢትሬቱ እኩል። ዛሬ ማታ 4000 አድርጌ እለካዋለሁ። ቪዲዮውን ሌሊት ኔትወርኩ ሲላላ እልክልሻለሁ፤ የቢቸናው ልጅ ሁለተኛ ጎል ያለበትን።